ተጫወተች ስንል

ወዳጆቼ፣ ዛሬ አንድ ግስ ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ መጫወት። ልጅ ደጅ ላይ ይጫወታል። ክራር ይጫወቱታል፣ ዘፈንም ይጫወቱታል። መድረክ ላይ ንግሥት ሆና የቀረበችዋ «ንግሥቲቱን ሆና ተጫወተች» ትባላለች። እንግዳ ቤታችን መጥቶ ዝም ሲል «ተጫወት እንጂ» እንለዋለን፤ ቡናው እስኪፈላ እንዲያወጋን። አንዱ ግስ ይህን ሁሉ ይሸከማል። ሌላ አገር ስለ አንዲት ታዋቂ ሴት ሲጻፍ በልጅነቷ ተዋናይት እንደነበረች፣ ቀጥላ ዘፋኝ እንደሆነች፣ በመጨረሻም የቴሌቪዥን ኮከብ እንደሆነች ይተረካል፤ ሦስት ጊዜ ሙያ የቀየረች ትመስላለች። እኛ ዘንድ ያቺ ሴት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫዋች ናት። የትልልቆቹ ተጫዋቾቻችን ሕይወት በዚህ ግስ ሲከፈት ምን ያህል ግልጽ እንደሚሆን ካየሁ በኋላ ለሰው ሳልነግር መቀመጥ አልቻልኩም። ከሰፈሬ ልጀምርላችሁ።

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ፣ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። የታክሲ ረዳቱ «ነፋስ ስልክ!» ብሎ ሲጣራ ሰዉ የሚያስበው ቀለም ፋብሪካውን ወይም መውረጃውን ነው። ስሙን ግን እስቲ ለሁለት ክፈሉት። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችን ሲገባ የሚሄደው በሽቦ ነበር። በኋላ ያለ ሽቦ ወሬ የሚያደርስ መሣሪያ ሲመጣ ሰዉ የሚሄድበትን መንገድ ፈልጎ ስም አወጣለት፤ ሽቦ ከሌለው የሚጓዘው በነፋስ ነዋ! ነፋስ ስልክ ማለት እንግዲህ ሬዲዮ ነው። ከከተማው ወደ አቃቂ በሚወስደው አቅጣጫ አንሳልዶ የተባለ የጣልያን ኩባንያ የተከለው ጣቢያ ለአካባቢው ስሙን አወረሰው፤ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪክም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደውን ነገር ስሙ። በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ የጣልያን ጦር ድንበር ላይ ተሰልፎ በነበረበት ሰሞን፣ እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች በሬዲዮ የሰላም ጥሪ አሰሙ። ቃላቸውን በእንግሊዝኛ ያስተላለፈችው ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ነበረች። ዕድሜዋ ገና 15 ነው። ወራሪው አገር ያስገባው መሣሪያ የተወራሪዋን አገር ልጅ ድምፅ ይዞ ባሕር ተሻገረ። ልዕልቷ ተዋናይት አልነበረችም፣ ዘፋኝም አልነበረችም። የአንዲት ኢትዮጵያዊት ታዳጊ ድምፅ በነፋስ ላይ ሲሄድ ግን ሰፈሬ ስሙን ያገኘበት ነገር እዚያ ነበር፤ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሁለት ዓመታት ልብ በሉልኝ፤ 1927 እና 1928። በ1927 ዓ.ም. ክረምት የአገር ፍቅር ማኅበር በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት ተቋቋመ። ዓላማው ሕዝቡን ለመጣው ጦርነት ማንቃት ነበር። ባዶ ንግግር ሰው አይሰበስብም፤ ስለዚህ ዘፈኑ፣ ፉከራው፣ ግጥሙና ንግግሩ በአንድ መድረክ ላይ ተደባልቆ ቀረበ። የእኛ ዘመናዊ መድረክ ገና በልጅነቱ ዘፋኝና ተናጋሪ፣ አስመሳይና አልቃሽ በአንድ አጎዛ ላይ የተቀመጡበት ነው። በዚያው በ1927 ግድም አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ልጅ ተወለደች። አስናቀች ወርቁ። ጣቢያው፣ መድረኩና ልጅቷ ባንድ ዘመን መጡ ማለት ነው።

አስናቀችን አውቃታለሁ የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ክራሯን ይዛ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ የተነሳችውን ፎቶ የማያስታውስ የለም። ነገር ግን ከክራሩ በፊት መድረኩ ላይ ስትወጣ ያገኘችውን ዓለም ካልነገርኳችሁ የሠራችውን ነገር ክብደት አታዩትም። እሷ ስትመጣ መድረኩ ላይ ሴቶች ነበሩ፤ ሴቶቹ ግን ወንዶች ነበሩ።

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። በ1913 ዓ.ም. ግድም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። ተናጋሪዎቹ አራዊት ናቸው፤ የሚነገረው ግን ስለ ሰዎች፣ ያውም ስለ ሹማምንት ነበር። ተራስ ሆቴል ለመኳንንቱ ታየ፤ ቤተ መንግሥት ግን አልወደደውም፣ ታገደ። (አራዊቱን አትርሷቸው፤ ኋላ ላይ በሌላ መንገድ ይመለሳሉ።) ከዚያ ቴአትር ሲያንሰራራ መጠለያ የሆነው ትምህርት ቤት ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ፣ የባለቅኔዎች አገር የጎጃም ልጅ፣ መምህር ሆኖ ተማሪዎቹን እያሠለጠነ ተውኔት ያሳይ ነበር። ከሥራዎቹ አንዱን ምን ብሎ እንደሰየመው ታውቃላችሁ? «ጥቅም ያለበት ጨዋታ»። ያው የእኛ ግስ! ዮፍታሔ ተውኔትን ጨዋታ ብሎ ሲጠራ ማቃለሉ አልነበረም፤ ቃሉ ሁሉንም ስለሚይዝለት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ተዋናዮቻችን አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ቀን ደብተር ይዘው ይማራሉ፣ ከሰዓት ንጉሥ ወይም ሽፍታ ይሆናሉ። ንግሥት፣ እናት፣ ሙሽራ ሲያስፈልግም ከእነዚያው ወንዶች ልጆች አንዱ ይመረጣል። ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝ አገር ጁልየትን የሚጫወተው ድምፁ ያልጎረነነ ወንድ ልጅ ነበር፤ ሴቶች በባለሙያነት እዚያ መድረክ ላይ የወጡት ከ1660 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ግብፅ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ፤ ኡም ኩልሱም ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ የወንድ ልጅ ልብስ እያለበሰ ነበር በየመንደሩ ይዟት ሄዶ የሚያዘምራት። አንዱ አገር ወንዱን ቀሚስ አለበሰ፣ ሌላው ሴቷን ወንድ አስመሰለ። የሁሉም ጭንቀት አንድ ነበር፤ ሴት ልጅ በሰው ፊት ስትጫወት እንዳትታይ።

ከጣልያን መውጣት በኋላ ሴት እየሆኑ ከተጫወቱት ወጣቶች አንዱን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ በዚህ መልክ ግን አታስታውሷቸውም። ተስፋዬ ሳህሉ ይባላሉ። አዎ፣ አባባ ተስፋዬ! ሰኔ 1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወለዱ፤ ጣልያን አገሩን በያዘበት ዘመን ወላጅ አልባ ሆነው አዲስ አበባ ደረሱ። ከነጻነት በኋላ በማዘጋጃ ቤት ሥር ይሠራ በነበረው የቴአትር ቡድን ውስጥ ገቡ። እዚያ ዘፈኑ፣ ተወኑ፣ ምትሃት አሳዩ፤ ሴት ሲጎድልም ሴት ሆኑ። ኋላም ኮርያ ድረስ ሄደው ለቃኘው ዘማቾች ተጫውተዋል።

ሴት ሆኖ መጫወት እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ ለአንድ አፍታ አስቡት። ቀሚሱ ቀላሉ ነው። ነጠላውን መከናነብ፣ የሐዘን አለባበሱን ከደስታው መለየት፣ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ጫፉን ወደየት እንደሚያዞሩት ማወቅ ይጠይቃል፤ ተመልካቹ ከእናቱ ጋር የኖረ ሰው ነውና አንድ ስሕተት ካየ ይስቃል። አረማመድ አለ። እጅን የሚያሳርፉበት ቦታ አለ። ከሁሉ የሚከብደው ድምፅ ነው፤ ቀጭን ማድረግ ብቻ ከሆነ ቀልድ ይሆናል፣ ትክክለኛዋን ሴት የሚያሰማው ትንፋሹ፣ ለአፍታ ዝም ማለቱ፣ ቃሉን የሚጨርሱበት መንገድ ነው። ስለዚህ ያ ወጣት የሌላ ሰው ጉሮሮ መዋስ ተማረ። ይህንን ችሎታ የት እንዳዋለው ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

በ1940ዎቹ አጋማሽ አስናቀች ወርቁ መድረኩ ላይ ወጣች። ዕድሜዋን ብትቆጥሩት 17፣ 18 ነው። በዘመናዊው መድረካችን የመጀመሪያዋ ባለሙያ ተዋናይት እየተባለች የምትጠራው ስለዚህ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወንዶቹ ቀሚሱን መለሱ። ተስፋዬም ወደ ወንድ ገጸ ባሕርያት ዞሩ። የቴአትር ታሪካችን በአንድ ቦታ ሲታጠፍ ማየት የሚፈልግ ካለ እዚህ ጋ ጣቱን ያሳርፍ፤ ሁለቱም ሰዎች እዚያ ቆመዋል። (አንዱን «አንቱ»፣ አንዷን «አንቺ» እያልኩ እንደምጽፍ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ከክብር ማነስ አይደለም። ተስፋዬን አገር በሙሉ አባባ ብሏቸዋል፤ አስናቀችን ደግሞ አስኒ ብሎ አቁላልጧታል፤ እኔም አፌ የለመደውን ነው የጻፍኩት።)

ያኔ ለአንዲት ወጣት ሴት መድረክ ላይ መውጣት ምን ዋጋ ያስከፍል እንደነበር ልንገራችሁ። ጨዋ እና ጨዋታ በፊደል ይመሳሰላሉ፤ በኑሮ ግን ጠላቶች ነበሩ። የጨዋ ልጅ ትዳር ትይዛለች፣ ቤቷን ታቀናለች፤ ሰው ሁሉ እያያት አትዘፍንም፣ ባል ያልሆነን ወንድ በቴአትር እንኳ «ፍቅሬ» አትልም። ይህን ያደረገች ሴት ማታ ከመድረኩ ስትወርድ ስድቡ ደጅ ላይ ይጠብቃት ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ፣ ግጥም በአፉ እየፈጠረ በሚያዜም ሰው ላይ የተለጠፈው የሙያ መጠሪያ፣ ለስድብ ይውል ነበር። አስናቀች ሁለቱንም ሸክም በአንድ ትከሻ ተሸከመች፤ ተዋናይት ናት፣ ክራር ደርዳሪም ናት። ደብቃ አልያዘችውም። ልብሷን፣ ጌጧን፣ አቋቋሟን አሳምራ፣ ቀና ብላ ሄደችበት። እኔ ይህንን ድፍረት ከየትኛውም ሚናዋ በላይ አደርገዋለሁ።

በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው። ስለ ሕንጻው አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም። ጣልያኖች ሲጀምሩት ሲኒማ ነበር፤ ስሙም ሲኒማ ማርኮኒ። ማርኮኒ ማነው? ያለ ሽቦ መልእክት ማስተላለፍን ለዓለም ያዳረሰው ሰውዬ። የነፋስ ስልክ ጌታ! የሰፈሬ ስምና የብሔራዊ ቴአትር የቀድሞ ስም በአንድ መሣሪያ የተገናኙ መሆናቸውን ሳውቅ ለአንድ ቀን ያህል ሌላ ወሬ ማውራት አቅቶኝ ነበር። ሕንጻውን እንደገና አሳምሮ የነደፈው ፈረንሳዊው አርክቴክት ኦንሪ ሾሜት ነው።

የቤቱ አሠራር ለነገሬ ትልቅ ማስረጃ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የተውኔቱ ክፍል፣ ዘመናዊው ኦርኬስትራና የባህል ሙዚቃው ቡድን አብረው ይኖራሉ። የወር ደመወዝተኞች ናቸው። ተዋናዩ ጠዋት ልምምድ ሲገባ በመተላለፊያው የመሰንቆ ድምፅ ይሰማል፤ ዘፋኟ የተውኔት ልምምዱን በበር ሽንቁር ታያለች። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያደገች ወጣት ከተዋናይነት ወደ ዘፋኝነት «ተሸጋገረች» ቢባል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ሄደች ማለት ነው፤ ደጅ መውጣት እንኳ አያስፈልጋትም።

እስቲ ወደ ክራሩ እንምጣ፤ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሡኝ። ክራርና በገና ወንድማማች መሳሪያዎች ናቸው፣ ኑሯቸው ግን ተለያይቷል። በገና ለጸሎትና ለጾም ሰሞን ተከበረ፤ ክራር የፍቅር፣ የጠላ ቤትና የምሽት ሆነ። ብዙውን ጊዜ ስድስት አውታር አለው፤ ቅኝቱ ደግሞ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ይባላል። አሁን ተዋናይት ክራር ስትይዝ የሚሆነውን ተመልከቱ። ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል። መድረክ ላይ እጅ ያልታደለ ተዋናይ ዋና መሣሪያው ተወስዶበታል፤ የሚቀረው ፊትና ድምፅ ነው። ዓይን ሥራ ይበዛበታል። ቅንድብ ይናገራል። በሌላ በኩል ግን ጊዜው የእሷ ነው። ከኦርኬስትራ ጋር የሚዘፍን ሰው ከበሮው ወደፊት ይገፋዋል፤ ክራሯን ይዛ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ግን ቃሉን ከመጨረሷ በፊት ቆም ማለት ትችላለች። አውታሮቹን ለብቻቸው ትተዋቸዋለች፣ ታዳሚው የቀረውን ቃል በልቡ ይጨርሳል፣ ከዚያ እሷ ሌላ ቃል ታመጣለች።

ያ ቆም ማለት ተውኔት ነው። የክራር ግጥም ብዙውን ጊዜ ሁለት ፊት አለው፤ ሰሙ ለጆሮ፣ ወርቁ ለአስተዋይ። ሰምና ወርቅን በዜማ ማድረስ አንድን ገጸ ባሕርይ ከመጫወት የሚለየው ነገር ትንሽ ነው፤ ውጭዋ የዋህ፣ ውስጧ ተንኮለኛ የሆነች ሴት ፊት ሊኖራት ይገባል። ወርቁን ቸኩላ በፊቷ ካሳየችው ጨዋታው ይበላሻል፤ ጨርሳ ከደበቀችው ደግሞ የሚይዘው የለም። አስናቀች እዚህ ላይ ጌታ ነበረች። መድረክ ላይ የተማረችውን ልክ፣ ምን ያህል ማሳየት ምን ያህል መያዝ እንዳለባት፣ ወደ ዘፈኑ ይዛው ገባች። ሰዎች ስለ ድምፅዋ ውበት ብዙ ያወራሉ። እኔ በበኩሌ ዘፈኖቿን ስሰማ መጀመሪያ የምሰማው ተዋናይቷን ነው፤ ከድምፅዋ ይልቅ ዝምታዋ ይገርመኛል።

አሁን ተስፋዬ ሳህሉን ከተውንበት እናንሳቸው። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ፤ ስቱዲዮው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ ነበር። ወጣቱ ተስፋዬ በማዘጋጃ ቤት ቡድን ውስጥ ሴት ሆነው ጀምረው፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ካሜራ ፊት ቆሙ። የልጆች ዝግጅት ጀመሩ፤ ከ40 ዓመት በላይም ዘለቁበት። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ቴሌቪዥናችን ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ባለ ቴሌቪዥን ቤትም ብርቅ ነበር፤ የሰፈር ልጅ ጫማውን ደጅ አውልቆ የጎረቤት ወለል ላይ ተኮልኩሎ ነበር የሚያያቸው። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው ሲጠሩን ስማችንን የጠሩን ያህል ነበር።

ምን ያደርጉ እንደነበር አስታውሱ። ተረት ይነግራሉ። ጅብ ሲናገር ጅብ ናቸው፣ ጦጣዋ ስትመልስ ጦጣ፣ አሮጊቷ ስትመጣ አሮጊት። እኚያን አሮጊት ሲሆኑ የሚወጣው ድምፅ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ? ከ20 ዓመት በፊት ቀሚስ ለብሰው የተማሩት ትንፋሽ ነው! የሌላ ሰው ጉሮሮ መዋስን የተማረው ወጣት፣ ያንን ችሎታ ለመላው የኢትዮጵያ ልጅ አበደረው። ምትሃቱም ከመድረክ የመጣ ነው፤ ዘፈኑም። በ1913 ተራስ ሆቴል ውስጥ የተናገሩት አራዊት፣ ታግደው የጠፉት፣ በቴሌቪዥን መስኮት ተመልሰው መጡ። የዚህኛው ጨዋታ ሰሚዎች ግን ልጆች ነበሩ።

ካሜራ ከመድረክ በአንድ ነገር ይለያል፤ ብዙ ታላላቅ የመድረክ ሰዎች የወደቁበትም እዚያ ላይ ነው። ቴአትር ቤት ውስጥ የኋላው ወንበር ድረስ እንዲደርስ ሁሉ ነገር ይጋነናል። ካሜራ ግን አፍንጫችሁ ሥር ነው፤ ያጋነናችሁት ሁሉ ውሸት ይመስላል። አባባ ተስፋዬ ይህን የተሻገሩት፣ እንደሚመስለኝ፣ ካሜራውን ስለረሱት ነው። ፊት ለፊታቸው ልጆች ነበሩ። ልጅ ሲሰለቸው ወዲያው ያሳውቃል፤ ዞር ይላል፣ ጎረቤቱን ይቆነጥጣል። ስለዚህ የሚጫወቱት ለልጁ ነበር፤ ካሜራው ጨዋታውን አጮልቆ አየ እንጂ።

አስናቀችም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ድምፅዋና መልኳ ወደ ቤታችን ገብቷል፤ ብሔራዊ ቴአትር የማይደርስ የገጠር ሰው በነፋስ ስልኩ ነው ያወቃት። ከአገር ውጭ ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 16ኛው ሲዲ ለብቻዋ ተሰጣት። አብዛኞቹ የዚያ ተከታታይ ዝነኛ ቅጂዎች የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያና ጊታር የሞላባቸው የ1960ዎቹ ባንዶች ናቸው። የእሷ ግን ክራርና ድምፅ ነው። መስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ ራሔል ሳሙኤል «አስኒ» የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልም ሠርታ አቀረበች፤ እርጅና ላይ ሆና እንኳ ካሜራ ሲዞርባት ፊቷ እንዴት እንደሚነቃ ያየ ሰው ተዋናይት ምን እንደሆነች አይጠይቅም። አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ።

ከእነሱ በኋላ ምን ሆነ? በደርግ ዘመን የቀበሌና የከፍተኛ ኪነት ቡድኖች ነበሩ፤ የሰፈር ልጆች በአንድ ምሽት ድራማ ሠርተው፣ ጨፍረው፣ መዝሙር ዘምረው ይወርዱ ነበር። የፖለቲካ ጭነቱ ከባድ ነበር፤ ሆኖም ብዙ ድምፃዊና ተዋናይ ከዚያ ነው የወጣው፣ ምክንያቱም ልጁ ሁሉንም እንዲሞክር ይገደድ ነበር። ወደዚህ ስንመጣ ዘሪቱ ከበደን አስቡ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ በድምፃዊነት ያወቅናት፣ በኋላ «ቀሚስ የለበስኩ ለት» በተሰኘው ፊልም የተወነች። ጋዜጠኛው «ወደ ፊልም መጣች» ሲል እኔ አልተገረምኩም። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች መምህርት «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ጀመረች፤ ቀጭኔዋን ፀሐይን በድምፅዋ የተጫወተችው ራሷ ናት። የአንዲት ሴት ጉሮሮ፣ የአንዲት እንስሳ ንግግር፣ በቴሌቪዥን ፊት የተኮለኮሉ ሕፃናት። አባባ ተስፋዬ ይህን ቢያዩ ወዲያው ያውቁት ነበር።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ነፋስ ስልክ ላፍቶ ዛሬ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ሁሉ ዲሽ የበቀለበት ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማልበስ ትልቅ ሥራ ሆነ፤ ተዋናይ ፊቱን ሳያሳይ፣ የሌላ አገር ሴት ከንፈር ሲንቀሳቀስ ጠብቆ የራሱን ትንፋሽ ይሰጣታል። በብዙ ክርክር መሐል፣ ባህላችንን ይጎዳል አይጎዳም ሲባል፣ ያመለጠን አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ያ የጥንቱ የወንዶቹ ቀሚስ ሥራ ነው። የሰው ጉሮሮ መዋስ። ሙያው አዲስ መስሎ ቢመጣም ሥሩ እዚሁ ነው።

ልጆቹስ? ብሔራዊ ቴአትር የነበረው ዓይነት፣ ሁሉንም ባንድ ጣሪያ የሚያስተምር ቤት ለአንዲት የጀሞ ልጅ በቅርብ የለም፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ በግልጽ እናገረዋለሁ። የቀራት ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም የመንዙማው ማዕድ፣ ስልኳ፣ ደግሞም የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ነው። ሚኒ ሚዲያን አትናቁብኝ። በእረፍት ሰዓት በግቢው ድምፅ ማጉያ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ዜና ታነባለች፣ ግጥም ትቀጥላለች፣ አጭር ጭውውት ከጓደኛዋ ጋር ትሠራለች፣ መጨረሻ ላይ ትዘፍናለች። ድምፅዋ በግቢው አጥር ላይ ተሻግሮ መንገድ ላይ ይሰማል፤ ሻጩ፣ ታክሲ ጠባቂው፣ ሁሉ ይሰማታል። ዮፍታሔ ትምህርት ቤት ውስጥ የጀመረው ያው ነገር ነው፤ ልዩነቱ አሁን ልጅቷ ራሷ ልጅቷን ሆና መጫወቷ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ምን እንድታደርጉ እንደምፈልግ ልንገራችሁ። አስናቀች ክራር የያዘችበትን ማንኛውንም ቅጂ ፈልጉ፤ ቢቻል ምስል ያለው ይሁን። መጀመሪያ ድምፁን አጥፉና ፊቷን ብቻ ተመልከቱ፤ ዓይኗ ወዴት እንደሚሄድ፣ ቅንድቧ መቼ እንደሚነሳ። ከዚያ ምስሉን ሸፍናችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ፤ በሁለት ስንኝ መሐል ክራሩን ለብቻው የምትተውበትን ቦታ ያዙ፣ ስንት አውታር እንዳለፈ ቁጠሩ። በሦስተኛው ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጉት። አስናቀች የምትዘፍነው የት ላይ እንደሆነ፣ የምትተውነው የት ላይ እንደሆነ ለይታችሁ ማሳየት ከቻላችሁ ነገ ቡና የምጋብዘው እኔ ነኝ።